እንጦጦ፦ ራቁቱን ቀርቶ የለበሰ ተራራ

ከጎጃሟ ሉማሜ ማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ደጀን ሲደርስ ማርሹን ቀንሶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን እያቃሰተ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ የሰላሌን ሜዳ አቋርጦ ጫንጮን ያልፍና ሱሉልታ ይደርሳል። ከሱሉልታ በኋላ መንገዱ እንደገና ዳገት ይይዛል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱ ላይ ጉም ያርፋል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ተሳፋሪው ከራስጌው ዕቃውን ማውረድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጎጃም በረንዳ ለሚወርድ መንገደኛ እንጦጦን ማለፍ ማለት አዲስ አበባ መግባት ማለት ነው።

በዚህ ተራራ ጫፍ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ሱሉልታ ያዘነበለው በሙገር በኩል አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ተሳፋሪው ጠዋት ከደጀን በታች የተሻገረው ወንዝ ነው። ወደ ከተማዋ ያዘነበለው ደግሞ በቀጨኔና በቀበና ወርዶ ከአቃቂ ጋር ይቀላቀልና ወደ አዋሽ ይጓዛል። እንጦጦ ሲራቆት ጎርፉ፣ ሲለብስ ምንጩ የሚደርሰው ለሁለቱም ወገን ነው። የዛሬው የእንጦጦ ፓርክ ታሪክ በ2013 ዓ.ም. በተቆረጠ ሪባን ቢጀመር ኖሮ አጭር በሆነ ነበር። እውነተኛው ታሪክ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ የመጥረቢያና የችግኝ ታሪክ ነው።

ሉማሜ ያደገ ሰው የጥንቱን እንጦጦ በዓይነ ሕሊናው ለመሣል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጎጃም ማሳው ሁሉ ታርሶ ባለቀበት አገር እንኳ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ጽዱና ወይራው ተጠብቆ ይታያል፤ ኮሶና ዝግባም አልፎ አልፎ አለ። እንጦጦም ያንን መሳይ ደን ለብሶ የነበረ ተራራ ነው። በዙሪያው ጉለሌዎችና ሌሎች የቱለማ ኦሮሞዎች ከብታቸውን ያሰማሩ፣ ከታች ያለውን የፍል ውኃ መስክ ፊንፊኔ እያሉ ይጠሩ ነበር። በሸዋ ቤተ መንግሥት ደግሞ ሌላ ትዝታ ይነገር ነበር፦ ከግራኝ ጦርነት በፊት የነበሩት ነገሥታት በዚህ አካባቢ ከትመው ኖረዋል የሚል። በተራራው ላይ የሚታዩት የድሮ ካብ ፍርስራሾች ያንን ትዝታ ያጠናከሩ ይመስላል።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ አጋማሽ ወደ እንጦጦ ሲመጡ ምክንያታቸው ጥርት ያለ ነበር። ከአንኮበር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚዘምት ንጉሥ መሐል ላይ ያለ፣ አራቱንም ማዕዘን የሚያሳይ፣ ጠላት በቀላሉ የማይወጣው ቦታ ይፈልጋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በጠራ ቀን ዝቋላ ፊት ለፊት ይታያል። ቤተ መንግሥቱ ተሠራ። ቅድስት ማርያምና ቅዱስ ራጉኤል ታነጹ። መኳንንቱ በየጉብታው ጎጆ ቀለሱ፤ ወታደሩ በየሰፈሩ ድንኳኑን ተከለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በኢትዮጵያ ታሪክ ደጋግሞ የሆነ ነገር ነው። የነገሥታቱ ከተማ ተንቀሳቃሽ የነበረበት አንዱ ምክንያት እንጨት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ሰፍሮ በየቀኑ እንጀራ ሲጋግር፣ ጠላ ሲጠምቅ፣ ሌሊት እሳት ሲሞቅ፣ ጎጆ ሲሠራ፣ አጥር ሲያጥር፣ ዙሪያው በጥቂት ዓመታት ይራቆታል። እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ተነቅሎ ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። እንጦጦ ላይ ብርዱ ሲጨመርበት ፍጆታው የበለጠ ከፋ፤ በክረምት ያለ እሳት የማይታደርበት ቦታ ነውና። ውኃውም ከታች ከምንጭ በእንስራ የሚወጣ ነበር። ያ ሁሉ ጽድ የቤት ምሰሶ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ፍልጥ ሆኖ አለቀ።

እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ባለው ፍል ውኃ መታጠብ ይወዱ ነበር። ለመኳንንቱም ለቁርጥማት ለታመመውም ውኃው መድኃኒት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ የሜዳውን ለዛ አይተው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚል ስም ሰጡት። ቤተ መንግሥቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ፤ መኳንንቱም ተከተሉ።

ተራራው ግን ክብሩን ወዲያው አላጣም። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቀቡአቸውም አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ በዚያው እቴጌ ተባሉ። በዚያ ሳምንት እንጦጦ በሰውና በችቦ ጭስ ተሸፍኖ እንደነበር መገመት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ከሁለቱ ደብሮች፣ ከካህናቱና ከጥቂት ሰው በቀር ሁሉም ወረደ። የቀረው ጉቶ፣ ድንጋይና ንፋስ የሚገርፈው ሣር ነበር።

ከታች ያለችው አዲስ ከተማም ያንኑ ስሕተት መድገም ጀመረች። አዲስ አበባ የራሷን ዙሪያ በላች፤ ከዚያ የእንጦጦን ቅሪት በላች፤ ከዚያ ማገዶዋን ከመናገሻ ድረስ ማስመጣት ያዘች። ስለ መናገሻ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ያንን ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ዘሩም ከወፍ ዋሻ መጣ ይባላል። እውነት ከሆነ፣ ችግኝ መትከልን የመንግሥት ሥራ ያደረገ ንጉሥ ከምኒልክ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ነበረን ማለት ነው። ያ የዘርዐ ያዕቆብ ደን ነው በበቅሎና በሰው ትከሻ እየተጫነ አዲስ አበባ የነደደው።

ምኒልክ እንጨት ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ አዘዙ፤ የማገዶ እጦት ግን የረሃብን ያህል አስቸጋሪ ነውና በአዋጅ አልቆም አለ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደን የተከበበ አዲስ ቦታ ተመረጠ፤ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። አዲስ አበባ እንደ እንጦጦ ልትተው ነበር። ዛሬ በአዲስ ዓለም ርእሰ አድባራት ማርያም የሚሳለም ሰው የቆመው ዋና ከተማ ለመሆን ታስቦ በነበረ ግቢ ላይ ነው፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለውጧል።

ከተማዋን ያቆማት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ዘሩን በማስመጣት ስሙ የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ሕዝቡ ዛፉን በመጣበት መንገድ ጠራው፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዓይነት የእንጦጦ ብርድና ከፍታ ተስማማው። ጽድ የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈልጋል፤ ባሕር ዛፍ ግን በሰባት፣ በስምንት ዓመት ለቤት ማገር ይደርሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ችሎታው ደግሞ ሌላ ነው። ሲቆርጡት አይሞትም፤ ከጉቶው አራት አምስት ቀንበጥ ያወጣና መልሶ ይቆማል። ፍየልና ከብት ቅጠሉን አይነካውም። አጥር ለሌለው፣ ጠባቂ ለሌለው አገር የተፈጠረ ይመስል ነበር።

ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ ለተከለበት መሬትም ግብር ማሩ። ይህ ዓይነቱ ነገር ከአዋጅ ይልቅ ይሠራል። ባለርስቱ ሁሉ ተከለ። በግቢው የተከለው ለጓሮው፣ በእንጦጦ ዳገት የተከለው ለገበያ ሆነ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባን ከሩቅ ያየ መንገደኛ ከተማ መሆኗን የሚያውቀው ከጫካው መሐል በሚወጣው ጭስ ነበር።

እንዲያውም ዛፉ ከመጠን በላይ በዛ ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ጉድጓድ ያጎድላል በሚል ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙን የፈጸመው የለም ለማለት ይቻላል። ገንዘብ የሚያወጣ ዛፍ ማን ነቅሎ ይጥላል? ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በጎጃም ጤፍ የነበረውን ማሳ ባሕር ዛፍ ያለበሰ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር የሚጨቃጨቀው በዚያው ጉዳይ ነው። ጎረቤት የዛፉ ሥር ድንበር ተሻግሮ እህሌን አቀጨጨ ይላል፤ ባለ ዛፉ ደግሞ ልጄን ያስተማርኩት በዚህ አጣና ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። ሆኖም ያለ እሱ አዲስ አበባ ምናልባት እንደ እንጦጦ ለመነኮሳት የተተወች ጉብታ በሆነች ነበር። ዛፉን በደፈናው የሚረግም ሰው ይህንን ዕዳ የረሳ ይመስለኛል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው የጦር በር ሆነ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሲዘምቱ፣ ከሰላሌ የተነሣው የራስ ካሣ ልጆች ጦር በሰሜን በኩል ነበር የመጣው። ዘመቻው አልተሳካም፤ ክረምቱና የመገናኛ እጦቱ ጦሩን በታተነው። በማግሥቱ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው በሰሜን በር ሌላ ሰልፍ ገባ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተነሥተው በጎጃም በኩል፣ በበላያና በቡሬ አድርገው መጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ የተጓዙበት መንገድ የሉማሜ ሰው ዛሬ ገበያ የሚሄድበት ነው፤ ወደ ደጀን፣ ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወደ ሰላሌ። ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋን ከማየታቸው በፊት በእንጦጦ ማርያም ቆመው ጸለዩ፤ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል በሚወርደው መንገድ ወደ ሕዝባቸው ወረዱ። ምኒልክ ከተራራው ሲወርዱ ራቁቱን የነበረው ዳገት አሁን በሁለቱም ወገን ጥላ ነበረው።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት እንጦጦ የባለርስት ጫካ ነበር። በ1948 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የከተማ መሐንዲስ ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ባዘጋጀው ፕላን አረንጓዴ ቦታዎችን የከተማዋ አካል አድርጎ ነበር። የለንደንን የድኅረ ጦርነት ፕላን ያዘጋጀ ሰው ስለነበር አሳቡ ትልቅ ነበር። መሬት ላይ ግን ጫካው የተለካው በአጣና ቁጥር ነው። በየዓመቱ ይቆረጣል፣ በአህያና በመኪና ይወርዳል፣ ለሕንጻ መወጣጫ፣ ለጭቃ ቤት ማገር፣ ለዳቦ ቤት ፍልጥ ይሸጣል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ የእንጦጦ ጫካም ከባለርስት እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሆነ። በቀጣዩ ዐሥርተ ዓመት ለከተማዋ ማገዶ ተብሎ በተነደፈ ፕሮጀክት በዙሪያው ተራሮች ተጨማሪ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ዘበኛ ቆመ፤ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣ ጀመር።

የዚህ ተራራ ታሪክ ሲጻፍ ነገሥታቱ፣ አማካሪዎቹና መሐንዲሶቹ ስማቸው ይነሣል። ተራራውን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። ከሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወገግ ሳይል ተነሥተው ዳገቱን ይወጣሉ። ቅጠል ይጠርጋሉ፣ ጭራሮ ይለቅማሉ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ይሰበስባሉ። ከዚያ በገመድ አስረው፣ ወገባቸውን ጎንብሰው፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ሰጥተው 30 ኪሎና ከዚያ በላይ በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። ሸክሙ ከሴቲቱ ይረዝማል፤ ከኋላ ላየው የሚራመደው እንጨቱ ነው የሚመስለው። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ በክረምት ያዳልጣል፣ እርጉዝም ትሸከመዋለች፣ የስምንት ዓመት ልጅም እናቷን ተከትላ በአቅሟ ትይዛለች።

ቅጠሉ ዋጋው ትንሽ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የአዲስ አበባን ምጣድ አያውቅም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ፈጥኖ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉ ሰፊ ነው፤ ለእንጀራ ምጣድ የሚስማማ እሳት ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችም ጀበናና ድስት ለመተኮስ ማገዶ ይፈልጋሉ። በከተማዋ ኤሌክትሪክ ተዘርግቶ እንኳ ለብዙ ቤት ምጣዱ የሚግለው በእነዚያ ሴቶች ጀርባ ነበር። ዘበኛ ካገኛቸው ደግሞ እንጨቱ ይወረሳል፣ ገመዱ ይቆረጣል፣ የዕለት እንጀራቸው ይቀራል። አንዳንዴ በሰላም ለማለፍ ከሸክሙ ሽያጭ ላይ መካፈል ግድ ይሆናል። ዘበኛውም የታዘዘውን ይሠራል፤ ጫካውን ካልጠበቀ ጎርፉ የሚወርደው ከታች ባሉት የሴቶቹ ቤቶች ላይ ነው። ይህ ትግል ተራራው ላይ ለዐሥርተ ዓመታት ሲካሄድ ኖሯል።

ከደርግ መውደቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ በተጀመረ ፕሮጀክት አንዳንዶቹ ሴቶች ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገቡ። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተብለው ተደራጁ፤ ነጠላና የአንገት ልብስ እየሠሩ ለጎብኝ ይሸጡ ጀመር። ቦታው ለዚህ የተመቸ ነበር። ከተራራው ሥር ያለው ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሰፈር ነው፤ ጥበቡ ከጎረቤት ይገኛል። ይሁን እንጂ አንዲት ሴት ሸክሟን ስትጥል በቦታዋ ሌላ ከገጠር የመጣች ትተካ ነበር።

ተራራውን ፓርክ የማድረግ አሳብም የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው። በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር 1,300 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለውን የእንጦጦ ክፍል የተፈጥሮ ፓርክ አድርጎ ለማልማት ተረከበ። ዓላማው ቀስ በቀስ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች መተካት፣ የተሸረሸረውን ቦይ በእርከን ማሰር፣ ምንጮቹን መመለስ ነበር። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት ተተከለ። ሥራው አድካሚ ነው። ባሕር ዛፉን መቁረጥ አይበቃም፤ ጉቶው በየዓመቱ ሲያቆጠቁጥ በየዓመቱ መመለስ ያስፈልጋል። የጽድ ችግኝ በዚያው ጊዜ ከጉልበት አይበልጥም። ሆኖም ማኅበሩ በሰፊው ባልታወቀባቸው ዓመታት ያደረገው ይህ ጥረት ባይኖር ኖሮ በኋላ የመጣው ፓርክ የሚቆምበት መሠረት ባልኖረው።

ተራራው በነዚያ ዓመታት የብዙ ሰው ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሯጮች ይወጣሉ። ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ከደራርቱ ቱሉ፣ ከቀነኒሳ በቀለና ከጥሩነሽ ዲባባ የልምምድ ቦታዎች አንዱ ይኸው ጫካ ነበር፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ በለስላሳ የቅጠል ምንጣፍ ላይ የሚሮጥ ሰው ሳንባውም ጉልበቱም ይጠነክራል። ከሯጮቹ ጋር በዚያው ጎዳና ምእመናን ይወጣሉ። በተለይ መስከረም 1 ቀን፣ የቅዱስ ራጉኤል ንግሥ በሚውልበት ዕለት፣ ዘመኑ የሚለወጠው እንጦጦ ላይ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መንገደኛ ግን የጠበሉ መንገደኛ ነበር። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን፣ መድኃኒቱ ገና ባልተዳረሰበት ጊዜ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ ትንንሽ ቤት ተከራይተው ከረሙ። ከጎጃምም የመጡ ነበሩ። በቤተሰቡ የተገለለ ሰው እዚያ እንደ እሱ ከተገለለ ጋር ቡና ይጠጣ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደማይጋጭ በግልጽ ሲናገሩ ለብዙዎች ዕድሜ ቀጠለ።

ተራራው ወደ ላይም ተመለከተ። በ2007 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችን የያዘ የሥነ ፈለክ መመልከቻ በእንጦጦ ጫፍ ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ስታመጥቅ መቆጣጠሪያው ጣቢያ የነበረው በዚሁ ጫካ ውስጥ ነው። አቡነ ማቴዎስ ንጉሡን ከቀቡበት ደብር ተነሥቶ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን ማስዋብ የተባለው ፕሮጀክት ሲታወጅ እቅዱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በሁለት ወንዞች ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ነበር። ግንቦት 11 ቀን ለገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀው እራት ላይ አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተባለ። በዚያው ዓመት ክረምት ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ በአንድ ጀንበር ችግኝ የመትከል ዘመቻ ተካሄደ። ከዚያ በእንጦጦ የመንገድ ሥራ መኪናዎች ወጡ። ብዙዎች እንጦጦ ላይ ምን ሊሠራ ነው እያሉ ሲጠይቁ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ከተማው ቤቱ ሲቀመጥ ተራራው ላይ ሥራው ቀጠለ።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ሠሪዎቹ ባሕር ዛፉን ነቅለው አልጣሉትም፤ ጎጆዎቹ፣ መቀመጫዎቹና ቡና ቤቶቹ የቆሙት በግንዶቹ መካከል ነው። የሩጫና የብስክሌት መንገድ አለ፤ በፈረስ መጋለብ፣ ቀስት መወርወር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ከዛፍ ወደ ዛፍ መንሸራተት ይቻላል። ከተማዋን ከላይ የሚያሳዩ መመልከቻዎች ተሠርተዋል። እሑድ እሑድ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው መንገድ በመኪና ይጨናነቃል። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ፤ ቤተሰብ ዳቦና ቆሎ ይዞ ይወጣል። ለአዲስ አበባ ልጅ፣ ግቢ በሌለው ኮንዶሚኒየም ለሚያድገው፣ መሬት ላይ መንከባለል የሚችልበት ጫካ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ፓርክ ሲሠራ ግን በየትም አገር ከዚያ በፊት በቦታው የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ሰው ነበር። የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ዛሬ የዓለም ሁሉ ምሳሌ ነው፤ ከመሠራቱ በፊት ግን ሴኔካ ቪሌጅ የተባለ ጥቁር አሜሪካውያን ቤትና ቤተ ክርስቲያን የሠሩበት መንደር ነበረው፤ በ1850 ዓ.ም. አካባቢ ነዋሪዎቹ እንዲነሡ ተደርጓል። ከተማው ያንን መንደር ለማስታወስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በእንጦጦ ላይ ይህ ጥያቄ የሚነሣው በእንጨት ለቃሚዎቹ ነው። አንዳንዶቹ ዛሬ በዚያው ፓርክ ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ጠርገው ይሸከሙት የነበረውን ቅጠል አሁን ከመንገዱ ላይ በደመወዝ ይጠርጉታል። የተቀሩት ከፓርኩ ክልል ውጭ፣ በተራራው ሌላ ገጽ፣ አሁንም ገመዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ሲገባ ገበያቸው ይቀንሳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይፈለጋሉ።

የተከላውም ሥራ አላለቀም። ከአሮጌው ባሕር ዛፍ ሥር የተተከሉት ጽድና ወይራዎች ብርሃን ለማግኘት እየታገሉ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ግንዶቹ ሳስተው አገር በቀሉ ከፍ ብሏል፤ ሌላው ቦታ ላይ ጫካው ገና ምኒልክ ካስተከሉት ዓይነት የተለየ አይደለም። ክረምት ሲገባ ሠራተኞች በእርከኑ ላይ ተበትነው ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ከኋላቸው ሌሎች በመጥረቢያ የጉቶውን ቀንበጥ እየመለሱ ይሄዳሉ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በጠዋት ጉም ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ያገኛል። ነጠላውን አደግድጎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የሚሮጥ፣ እና ጎንብሳ የምትወርድ ሴት። ሯጩ መንገድ ይለቅላታል። እሷ ቀና ሳትል «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ታልፈዋለች፤ ቅጠሉ አስፋልቱን እየጠረገ ከኋላዋ ይከተላል። በተራራው ምዕራብ ትከሻ ላይ በዚያው ሰዓት ወደ ጎጃም የሚወጡት አውቶቡሶች መብራታቸውን አብርተው ዳገቱን ይዘዋል።